ሰው የሚሆን እንስሳ

የእጮኛዋ የሳሊህ አክስት ሊያዩዋት በሚመጡበት ዓርብ፣ ዘሃራ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ድመት ነበረች። ድመት ያደረገቻት የአሥራ አንድ ዓመቷ ዮሳቤጥ ናት። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ስለጠፋ የአየር ማቀዝቀዣው ቆሟል፤ ጀሪፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከቆርቆሮው እስከ ሲሚንቶው ወለል ሞቋል፤ ስለዚህ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ጎትተው ከግቢው በሚገባው ትንሽ ነፋስ ላይ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ እርሳስና በሻይ ሳህን የተደረገ ደረቅ ባቄላ አለ። ፎቶ ኮፒው የዮሳቤጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከኢንተርኔት አግኝታ ወደ ዓረብኛ የመለሰችው ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ እንስሳ ይሆናል። እንስሳው ሲፈልግ ወደ ሰው ተለውጦ በአንዲት ትንሽ መንደር የሚኖሩ ሰዎችን ይረዳል፤ የጠፋ ቁልፍ ይፈልጋል፣ የተኳረፉ ጎረቤቶችን ያስታርቃል፣ ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት ውሃ ይቀዳል። ዱላ የለም፣ አሸናፊ የለም፣ የሚሞትም የለም። አንዱ ደግ ነገር ባደረገ ቁጥር ሌሎቹ ከሳህኑ ባቄላ እያነሡ ይሰጡታል። ሰው ለመሆን ስድስት ባቄላ ያስፈልጋል፤ ስድስት ያልሞላለት ሰው ቢሆንም እንኳ ጆሮው ወይም ጅራቱ እንደ እንስሳ ይቀራል።

ዘሃራ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጫወት አልለመደችም። ስድስቱን ቀን ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በአንድ የሱዳን ቤተሰብ ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች፤ የምትተኛው ከማእድ ቤቱ በስተጀርባ የጋዝ ሲሊንደር በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ነው። ሐሙስ ማታ ወደዚህ መጥታ በዮሳቤጥ ክፍል ባለው የገመድ አልጋ ታድራለች። ከልጅቷ እናት ከሸዋዓለም ጋር የተዋወቁት፣ ሸዋዓለም ለዘሃራ እመቤት መጋረጃ ልትሰፋ በመጣችበት ጊዜ ነው። ሸዋዓለም አገሯ ሳለች ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር፤ ባሏ አቶ ሰይፈሚካኤልም መምህር ነበሩ፤ ዛሬ እሷ ትሰፋለች፣ እሳቸው የስደተኛ ልጆች ሒሳብ ያስጠናሉ። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። «ዮሲ፣ አባትሽን ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው» ትላለች ሸዋዓለም ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል፤ አባትየው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። «እጠጣለሁ በያት» ይላሉ እሳቸው። ዘሃራ ምክንያቱን ጠይቃ አታውቅም። ነገሩ የስደተኞች ቢሮ ወረቀት በመጣበት ሳምንት መጀመሩን ብቻ አስተውላለች።

«ባባ አህያ ነው» ብላ ጻፈች ዮሳቤጥ።

«ለምን አህያ?» አሉ አባቷ ከፍራሹ ላይ።

«ስለማትነሣ።»

ሸዋዓለም ከመኪናው በኩል በአፍንጫዋ ሳቀች። አቶ ሰይፈሚካኤል ሳቁን ሲሰሙ ተነሥተው መጥተው ወንበር ሳቡ። ዘሃራ ይህንን አይታ፣ ጨዋታው ሕፃን የሚያጫውት ብቻ አይደለም ብላ አሰበች።

ዮሳቤጥ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ዓረብኛ ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ናት። አማርኛዋ የቤት ውስጥ አማርኛ ነው፤ ብይ፣ ጠጪ፣ ተኚ የሚለውን አጥርቶ ያውቃል፣ ከዚያ ወዲያ ይደናበራል። መንደሩን ተርካ፣ አሮጊቷን ተርካ፣ አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ባባ፣ ሰው የሚሆን ሐየዋን በአማርኛ ምን ይባላል?»

«እንስሳ በይ።»

«እሺ፣ ሰው የሚሆን እንስሳ።»

አቶ ሰይፈሚካኤል ጥያቄ በዋዛ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ሰው የሚሆን እንስሳ ስም የለውም። እንስሳ የሚሆን ሰው ነው ስም ያለው። ቡዳ ይባላል። ጅብ ይሆናል ይላሉ።»

«ቡዳ? ሳይንስ ላይ የተማርነው፣ የማሽላው አረም?»

«እሱ የዓረቦቹ ነው። የኛው ሌላ ነው።»

ልጅቷ ቃሉን በዓረብኛ ፊደል ከገጹ አናት ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ በኋላ እፎይ አለች። «ያላ፣ ዘሃራ፣ አንቺ ድመት ቡዳ ነሽ። ባባ አህያ ቡዳ ነው። አሮጊቷ ውሃ የላትም። ምን ታደርጊያለሽ?»

ዘሃራ በሁለት ጣቷ ይዛው የነበረውን ባቄላ ወደ ሳህኑ መለሰችው፤ ለምን እንደመለሰችው ራሷም አላወቀችም። ቃሉን ከሰማችው ሰባት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ከሐርቡ ወደ ቆላው በሚወርደው አገር ጠይብ ናቸው፤ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠራሉ። ቤታቸው ከመንደሩ ወንዝ ወዲያ ለብቻው ነው። ሰዎች የዶለዶመ ማረሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ልጅ ግን ይዘው አይመጡም። ዘሃራ ውሃ ቀድታ በሰው ደጅ ስታልፍ ሴቶች ሊጡን በጨርቅ ይሸፍኑ ነበር፤ በክፋት አልነበረም፣ ዝንብ ሲመጣ እንደሚሸፈን ነበር የሚሸፍኑት። ካርቱም ስትመጣ ማንም አልጠየቃትም። ሳሊህ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ሲላት «ገበሬ ናቸው» አለች፤ በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ሁለት በሬ ጨመረችበት፤ ከዚያ በኋላ የማሳውን ስፋት። ኒካሑ ለወሩ መጨረሻ ነው። ሳሊህ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር የተከራያትን ክፍል አይታታለች፤ መስኮት አላት፤ የመስኮቱን ፍርግርግ ራሱ ነው የበየደው። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርቱም ላይ እንደ እናት የሚያያቸው አክስቱ ሐጃ ሬሕማ ዛሬ ሳይመሽ መጥተው ልጅቷን ማየትና «እሺ» ማለት አለባቸው። ሐጃም የዚያው አገር ሰው ናቸው።

ስለዚህ ለእንግዶቹ ስኳርና ከረከዴ ልትገዛ ስትወጣ ዮሳቤጥን ይዛት ሄደች። ባለ ሱቁ አብዱልወሃብ ስኳሩ ካለፈው ዓርብ ወዲህ እንደጨመረ ገና ሳትጠይቀው ነገራት፣ እሱ እንዳልጨመረውም ማለ። ዘሃራ ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከረው ነበር። መንገድ ላይ በጥላው በኩል እየሄዱ «ያ የጨዋታው ቃል» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። «ከሱ የተሻለ አለ። ‹ተለዋዋጭ› በይ። ጥሩ አማርኛ ነው።»

«ባባ ሙደሪስ፣ አስተማሪ ነው እኮ። ካንቺ ይበልጥ ያውቃል።»

«ያውቃሉ። ግን ይሄኛው ያምራል። እስቲ በይ፣ ተ-ለ-ዋ-ዋጭ።»

«ተለዋጥ።»

«ዋ-ዋጭ።»

«ተላ-ዋ... ዘሃራ፣ ይሄ አፍ ይሰብራል! ቡዳ ሰህል ነው፣ ቀላል ነው።»

ዘሃራ «ነውር ነው» ልትል ነበር። ነውር ካለች «ለምን?» ትባላለች፤ ልጅቷ ደግሞ የ«ለምን»ን መልስ ካላገኘች አባቷን ትጠይቃለች፤ አባቷ ጥያቄ በዋዛ አያልፉም። «እንግዶቹ ፊት ያምራል ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። ዮሳቤጥ «ኢንሻአላህ» አለችና እስከ ቤት ድረስ ቃሉን እንደ ሚስማር እያኘከች ሄደች።

እንግዶቹ በአሥር ሰዓት በባለ ሦስት እግር ረክሻ መጡ። ሐጃ ሬሕማ ሠላሳ ዓመት በካርቱም ሀብታሞች ማእድ ቤት ሠርተው፣ ሐጅ አድርገው፣ አሁን ጉልበታቸውን እያሹ የሚኖሩ ወፍራም ሴት ናቸው። የለበሱት የሱዳን ቶብ ነው፣ አረማመዳቸው ግን ዛሬም የወሎ ነው። ገና በር ላይ ሆነው ቤቱን በአንድ ዙር ዓይናቸው መረመሩት፤ የስፌት መኪናውን፣ የተጠቀለለውን ፍራሽ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለውን የውሃ ጋን፣ ከጋኑ ሥር የተነጠፈውን ንጹሕ ጨርቅ። ጨርቁን ሲያዩ ወደውት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያነጠፈችው ዘሃራ ናት። ሳሊህ ሙዝና አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል፤ እጁን ታጥቦ ታጥቦ የጣቶቹ እጥፋት ብቻ ነው ጥቁር ሆኖ የቀረው። ለዘሃራ በዓይኑ ሰላም አላት። ሸዋዓለም የሰፋችላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ተወራ፣ ቀጥሎ ስለ መብራቱ፣ ቀጥሎ ስለ ዳቦ ሰልፍ። የሳሊህ እህት ለምን እንዳልመጣች ተነገረ፤ ሕፃኗ ልጇ ከሰኞ ጀምሮ ያተኩሳታል፣ ጡት እምቢ ብላለች። ዘሃራ ሕፃኗን ያለፈው ዓርብ አቅፋት ስለነበር ከልቧ አዘነች፣ «አላህ ይማርልን» አለች። ሐጃ «አሚን» ብለው ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ፤ ስለ እሱ ማውራት ይወዳሉ።

«ባሕሪ ሄዳችሁ ሐዳዱ፣ ብረት ሠሪው ሳሊህ ብላችሁ ጠይቁ» አሉ ለአቶ ሰይፈሚካኤል። «አለቃው ጂብሪል ራሱ ከባድ ሥራ ሲመጣ ‹ለሐበሻው ስጡት› ነው የሚለው። ብረት በዚህ ልጅ እጅ ሲገባ ሊጥ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ማሻአላህ።»

«ጥሩ ሙያ ነው» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል።

«ሙያ ብቻ! እንጀራ ነው፣ ክብር ነው።»

ዘሃራ ከረከዴውን ቀድታ ስታቀርብ ዓይኗን ከትሪው አላነሣችም። ሐጃ ብርጭቆውን ተቀብለው ቀመሱ። «ስኳሩን አውቀሽበታል» አሉ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህ ትንሽ ነገር አለመሆኑን ተረዳ።

ዮሳቤጥ ከዚህ በላይ አልታገሠችም። ወረቀቷንና የባቄላ ሳህኗን ይዛ መጣች። እናቷ በዓይኗ ልትመልሳት ብትሞክርም ሐጃ «ተይያት፣ ትምጣ፣ የልጅ ቤት ደስ ይላል» አሉ። ልጅቷ ሕጉን ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዓረብኛ አስረዳች። ሐጃ በሁለቱም ሰምተው በአንድ ጊዜ ገባቸው። «ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«አንቺ የፈለግሽውን» አለች ዮሳቤጥ።

«እርስዎ በይ» አሏት አባቷ።

«ተዋት፣ ዓረብኛው ነው። ርግብ ልሁን። ለጉልበቴ የሚሻለኝ ርግብ ነው።»

ርግብ ሆኑ። ዘሃራ ድመትነቷ ቀጠለ። ዮሳቤጥ በተረተችው መንደር አሮጊቷ አሁንም ውሃ አልነበራትም፤ ድመቷ ጠዋት ከሰበሰበችው ባቄላ ስድስቱን ከፍላ ሰው ሆነች፣ እንስራ ተሸከመች፣ ዳገት ወጣች። ሐጃ መጀመሪያ ለልጅቷ ደስታ ብለው ነበር የሚጫወቱት፤ ጥቂት እንደቆዩ ግን በእውነት ማሰብ ጀመሩ፤ ርግባቸው ቀድማ በርራ መንገዱ ላይ ውሻ መኖሩን ለድመቷ ነገረቻት። «እንስራውን አወረድሽ» አለች ዮሳቤጥ። «አሮጊቷ ታለቅሳለች። አሁን ምን ትያታለሽ?»

ዘሃራ ትንሽ አሰበች። «እናቴ፣ አያልቅሱ። ነገም እመጣለሁ። እንስራው ሲጎድል በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት፣ እኔ አይቼ አውቃለሁ» አለች።

ሐጃ ሬሕማ ከሳህኑ አንድ ባቄላ አነሡ፣ ከዚያ አንድ ጨመሩ፣ ሦስተኛውንም ጨመሩ፤ በዘሃራ መዳፍ ላይ አድርገው ጣቶቿን በራሳቸው እጅ አጠፉላት። «ሰማህ፣ ሳሊህ?» አሉ። ሳሊህ ሰምቶ ነበር፤ ጆሮው ቀልቷል። ሐጃ እጃቸውን ከዘሃራ ጉልበት ላይ ሳያነሡ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«አንቺ ጎበዝ፣ እስቲ አንቺ መስክሪ። አብራችሁ ታድራላችሁ። ዘሃራ እንዴት ያለች ሰው ናት?»

ዮሳቤጥ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ ተማሪ ብድግ አለች። «ዘሃራ ከሁሉም ትበልጣለች» አለች። «ዘሃራ በጣም ጥሩ ተለ...» ወደ ዘሃራ አየች፤ የገባችውን ቃል አልረሳችም። «ተለዋ... ተላዋጥ...» ፊቷ ተጨማደደ፤ እንደገና ሞከረች፤ ከዚያ ተስፋ ቆረጠች። «ኸላስ! ቡዳ። ዘሃራ በጣም ጥሩ ቡዳ ናት።»

የሳሊህ ብርጭቆ ከጠረጴዛውና ከአፉ መካከል ቆመ። ከጎረቤት ግቢ በናፍጣ የሚሠራ የውሃ ሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር፣ እስከዚያ ደቂቃ ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ አቶ ሰይፈሚካኤል ግንባራቸውን በእጃቸው መትተው ሳቁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐጃ! ‹ሰው የሚሆን እንስሳ ምን ይባላል› ብላ ብትጠይቀኝ እኔ ነኝ ያልኳት። ይኸው፣ ጽፋዋለች። እኔም አህያ ቡዳ ነኝ። እርስዎም በዚህ አያያዝ ርግብ ቡዳ ነዎት።»

ሐጃ ወረቀቱን ተቀብለው ከአናቱ ያለውን ቃል አነበቡ፤ ሁለቱንም መስመር አዩ፤ ከዚያ ወፍራም ሰውነታቸው ከሆዳቸው ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዘ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ያ ረቢ! እኔ እኮ ልቤ ወርዶ ነበር! ይኸው ነው፣ አማርኛ ዓረብ አገር ሲያድግ እንዲህ ነው። ርግብ ቡዳ!» ሳሊህ ሳቀ፤ ሸዋዓለም ሳቀች፤ ባልና ሚስቱ እየሳቁ ተያዩ። ዮሳቤጥ ምን እንዳሳቃቸው ባይገባትም አብራ ሳቀች። ሐጃ የዘሃራን ጉልበት መታ መታ አደረጉና «አንቺ ደግሞ! የገበሬ ልጅ ቡዳ!» አሉ። ነገሩ አልቆ ነበር። ዘሃራ የሚጠበቅባት ከሰዉ ጋር መሳቅ ብቻ ነው። አፏን የከፈተችውም ልትስቅ ነው።

«ወላሂ፣ አባቴ ብረት ቀጥቅጠው አያውቁም» አለች።

«ስለ ብረት ማን አወራ?» አሉ ሐጃ፤ ገና እየሳቁ ነበር። ከዚያ ሳቁ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው አንድ አንድ እያለ ወረደ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ዘሃራን ቀጥ ብለው አዩዋት።

«ማለቴ... ገበሬ ናቸው። ሁለት በሬ...»

«አባትሽን ማንም አልጠራም እኮ፣ የኔ ልጅ።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። እጃቸውን ከጉልበቷ ላይ አነሡ፤ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው። «መንደራችሁ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?»

ወዲህ ማለት ትችል ነበር። ወዲህ ካለች ደግሞ የማን ልጅ፣ የማን ጎረቤት፣ የማን ደጅ የሚለው ይከተላል፤ ወዲህ ያሉትን ቤቶች ሐጃ ከነምሰሶአቸው ያውቋቸዋል። ዘሃራ የሰባት ዓመቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስትደምረው ደከማት።

«ወዲያ» አለች።

ሐጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቶባቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው የከረከዴውን ብርጭቆ ሸፈኑት። ዝንብ አልነበረም። አቶ ሰይፈሚካኤል አዩና ፊታቸው ጠቆረ፤ ይህ የድንቁርና ዘመን ወሬ ነው፣ ብረት የሚሠራ ሰው በየትኛውም አገር ባለሙያ ነው፣ የእርስዎም ልጅ ይኸው፣ እያሉ ተናገሩ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቀው፣ እንደሚያስተምሩት። ሐጃ እስኪጨርሱ በአክብሮት አዳመጧቸው። «እርስዎ የተማሩ ነዎት» አሉ። ሸዋዓለም በዚህ መካከል ከመኪናው ዘንድ ሆና፣ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ «ዮሲ፣ ነይ እስቲ፣ ክር ያዥልኝ» አለች። ዮሳቤጥ ከዘሃራ ጎን ተነሥታ ሄደች። መኪናው ላይ ጨርቅም ክርም አልነበረም፤ ሸዋዓለም ልጇን ወደ ራሷ አስጠግታ ትከሻዋን ይዛ ቆመች። ዘሃራ ይህንን አየች። ሸዋዓለምም ዘሃራ እንዳየች አይታ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ግን ልጅቷን አልለቀቀቻትም።

ሐጃ ሲነሡ ለቤቱ ባለቤቶች መርቀው፣ ለልጅቷ «አላህ ያሳድግሽ» ብለው፣ ለዘሃራ «ኢንሻአላህ እንነጋገራለን» አሉ። በዚህ ከተማ ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዘሃራ በሰው ቤት ስትኖር ሁለቱንም ለይታ ተምራለች። ሳሊህ ከኋላቸው ወጣ። ወደ እሷ አላየም፤ ጫማውን ሲያደርግ የግራውን ከቀኙ አምታትቶ እንደገና አወለቀ።

ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። የሐጃ ብርጭቆ ግማሽ ድረስ ነበር። ጆሮዋ ውጭ ነው፤ ረክሻው ሞተሩን አላስነሣም። ሰዎች ዝግ ብለው ሲነጋገሩ ይሰማታል፣ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ስትከፍት ሳሊህ ብቻውን ነው።

ልቧ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። በሩን መለስ አድርጋ ከውጭ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ቆመች።

«እውነት ነው?» አላት።

«እውነት ነው። ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ። ሌላ ምንም አያውቁም። ስለዋሸሁህ አውፍ በለኝ።»

«አይ፣ እኔማ...» እጁን አገላብጦ አየ። «እኔም እኮ የምሠራው ብረት ነው።»

«ታዲያ?»

«እዚህ ሐዳድ ነኝ። አገር ቤት ግን እናቴ አለች። ያላገቡ እህቶች አሉኝ።» ወደ ረክሻው ዞር ብሎ አየ። «አሁን የመጣሁት ለሱ አይደለም። ሐጃ ናቸው የላኩኝ።»

ዘሃራ ጠበቀች።

«ሕፃኗን ያለፈው ዓርብ አቅፈሻት ነበር። ሰኞ ነው የጀመራት። እኔ አላምንም፣ ወላሂ አላምንም። ግን እህቴ ሦስት ቀን አልተኛችም።» ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «ከልብስሽ ትንሽ ቁራጭ ብትሰጪኝ... ሊያጥኗት ነው።»

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ረክሻው ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ከውስጡ የቶቡ ቀለም ይታያል። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሦስት ቀን እንዳለ፣ በሦስቱ ቀን ሕፃኗን ስንት ሰው እንዳቀፋት ልትነግረው አሰበች፤ ደግሞ ተወችው። ካልሰጠችው ሕፃን አሳምማ መድኃኒት የከለከለች ትሆናለች። ከሰጠችው ደግሞ በገዛ እጇ መፈረሟ ነው። ሕፃኗ ባትድን ሁለቱም አንድ ነው፤ ብትድን ደግሞ ይብሳል፤ ያን ጊዜ እውነት መሆኑ ይረጋገጣል። እንድትድን ፈለገች።

ወደ ቤት ገብታ ከስፌት መኪናው ላይ መቀሱን አነሣች። ሸዋዓለም መቀሱን ስታነሣ አየቻት፤ ምን ልታደርጊበት ነው አላለችም። አቶ ሰይፈሚካኤል ጀርባቸውን ሰጥተው ተጋድመዋል። ዘሃራ ግቢው ውስጥ ቆማ የሰማያዊውን ቀሚስ ጫፍ ገለበጠች፤ ከውጭ እንዳይታይ ከውስጠኛው እጥፋት ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ቆረጠች። ጨርቁ አዲስ ስለሆነ መቀሱ ቀጥ ብሎ ሄደላት።

ሳሊህ መዳፉ ላይ ሶፍት ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር። ቁራጩን ከጣቷ ሊቀበል አልሞከረም። «እዚህ ላይ ጣል አድርጊልኝ» አለ። ጣል አደረገችው። ሶፍቱን አራት ቦታ አጠፈው።

«ሹክረን» አለ፣ ከልማድ የተነሣ።

«ሐኪምም አሳዩዋት» አለች ዘሃራ። «እስከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሷት። ልብስ አታብዙባት።»

«እሺ።»

በሩን ወዲያው አልዘጋችውም። ሳሊህ ረክሻው ዘንድ ደርሶ ገባ፣ አክስቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት፣ ሞተሩ ተነሣ። ጥግ ላይ ደርሰው እስኪታጠፉ ድረስ፣ ሶፍቱን የያዘበትን እጁን ከረክሻው ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከራሱም ከአክስቱም አርቆ እንደያዘው ነበር።